«ሃምሳውን አልሸጥልሽም» ያሉኝ ዘይት ነጋዴ

ነገሩ የሆነው ዓምና ኅዳር ላይ ነው። መርካቶ ውስጥ ተታልዬ አውቃለሁ፣ ተገፍትሬ አውቃለሁ፣ ስልኬንም ተሰርቄ አውቃለሁ። ብሬን ይዤ ቆሜ፣ ዕቃው መደርደሪያው ላይ እያለ፣ «አልሸጥልሽም» የተባልኩት ግን በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ከአፌ የወጣውን ነገር ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ከበርበሬ በረንዳ ዛላውን ገዝቼ፣ አስቀንጥሼ፣ አስፈጭቼ፣ በጠረጴዛዬ ላይ እሸጣለሁ፣ ለየቤቱም በመኪናዬ አደርሳለሁ። አሥር ዓመት በርበሬ በረንዳ ላይ ስከራከር የኖርኩ ሴት ነኝ። አፌም እንደ ሸቀጤ ነው ይሉኛል። ውሸታቸውን አይደለም።

መኪናዋ ነጭ ቪትዝ ናት። ከገዛኋት ሦስት ዓመቷ ነበር። መንዳት ያስተማረኝም፣ ስገዛት ሞተሯን በጆሮው አዳምጦ «ደህና ናት፣ ግዢያት» ያለኝም አባቴ ነው።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ጉልበቱን የጨረሰው አሰብ መንገድ ላይ ነው፤ ኤንትሬ የጭነት መኪናውን ጭኖ ያንን በረሃ ሲወርድና ሲወጣ። አሁን ጡረታ ወጥቶ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ብቻውን ይኖራል። እናቴ ካረፈች ወዲህ «ና፣ ከኔ ጋር ኑር» ብለው አሻፈረኝ አለ።

ስለ ሞተር ዘይት አንድ ሕግ ነበረው። «ሃምሳ ቁጥር አድርጊ። ወፍራም ዘይት ሞተር ያኖራል። ቀጭኑ ሲሞቅ ውኃ ነው» ይል ነበር። ዘይት ሲገዛ ጽሑፍ አያነብም። ጠብ ያደርግና በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ያሸዋል፤ ካልወፈረለት ይመልሰዋል። እኔም ከሱ የወረስኩት ይህንኑ ነው። ዘይት መሸጫ ገብቼ በጣቴ ሳሽ ወንዶቹ ቆመው ያዩኛል፤ እኔም ኩራት ኩራት ይለኛል።

ችግሩ የአባቴ ዓይን ነበር። ሁለቱንም ሞራ ሸፈነበት። ግራው ጭራሽ አያይም፤ በቀኙ ጥላ ጥላ ብቻ ነው የሚታየው። ሰው የሚለየው በድምፅ ሆነ። ብዙ ወር ጠብቀን እዚሁ አዲስ አበባ ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተሰጠን። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነበር።

በዋዜማው ወጥቼ ጠባሴ አደርኩ፤ መኪናዋን ይዤ በውርጭ ወር እዚያ ሳድር የመጀመሪያዬ ነበር። ሊነጋጋ ሲል መኪና ውስጥ ገብተን ቁልፉን ባዞረው «ውእ... ውእ...» ብላ አቃሰተችና ዝም። ደግሜ ባዞር ያው ነው። ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ስለሆነ ተገፍታ አትነሳም። መስታወቱ ላይ ውርጩ ተጋግሯል። አባቴ አዲሱን ካፖርቱን ለብሶ፣ ፂሙን ተላጭቶ፣ ከጎኔ ቁጭ ብሎ «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ፣ ባትሪውን እንዳትጨርሺው» ይለኛል።

ፀሐይ ወጥታ ሞቅ ሲል፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ምንም እንዳልሆነች ተነሳች። ምን ዋጋ አለው! አዲስ አበባ ስንደርስ ወረፋው አልፏል። ነርሷ አዘነችልን። «ሌላ ቀጠሮ እሰጣችኋለሁ። በዚህ ከቀራችሁ ግን እንደ አዲስ ነው የምትመዘገቡት፤ ሞራው በጠነከረ ቁጥር ደግሞ ቀዶ ጥገናውም ይከብዳል» አለችን። ጠባሴ መልሼው ሲወርድ አባቴ «ባትሪ ነው» ብሎ ፈረደ።

ባትሪ ገዛሁ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ኅዳር ላይ ደረሰ። «አባባ፣ አንድ ቀን ቀድመህ ና፤ እኔ ጋ እደር» ብዬ በስልክ ለመንኩት። «አንድ ክፍል ቤትሽ ውስጥ ገብቼ አንቺን መሬት ላስተኛሽ? አይደረግም! የመኪና ሰው ነኝ፤ ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ እደርሳለሁ። ይልቅ ዘይቱን ቀይረሽ ነይ። ሃምሳውን፣ አደራ» አለኝ። አባቴን የሚያውቅ ይፍረድ።

ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከመሳለሚያ አለፍ ብሎ ወዳለው የዘይት መሸጫ ሄድኩ። የወትሮው ደንበኛዬ ገና አልከፈተም። አጠገቡ አንድ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ቀጠን ያሉ ሰውዬ የላሜራ በራቸውን ወደ ላይ እየገፉ ነበር።

«ነይ ማሟሻዬ!» አሉኝ ፊታቸው በርቶ።

ማሟሻ የቀኑ የመጀመሪያ ሽያጭ ነው። መርካቶ ውስጥ ማሟሻ ቀልድ አይደለም። ማሟሻ ሆኖ የመጣ ገዢ ባዶ እጁን ከወጣ ቀኑ ተበላሸ ይባላል። ስለዚህ ነጋዴ ከስሮም ቢሆን ማሟሻውን አይሰድም። እኔ ራሴ ለማሟሻ ብዬ ያለ ትርፍ የሸጥኩት በርበሬ ስንት ነው!

«ሃምሳ ቁጥር ይስጡኝ፣ አራት ሊትሩን» አልኳቸው።

«ለምን ዓይነት መኪና ነው?»

«ለቪትዝ።»

«ወዴት ነው የምትነጂው?»

«ደብረ ብርሃን። ምነው ጋሼ፣ ትራፊክ ነዎት እንዴ?»

ሳቁ። እጃቸው ሃምሳውን ሊያነሳ ተዘርግቶ ነበር፤ መለሱት። «ደብረ ብርሃን፣ በኅዳር? አይ ልጄ። ሃምሳውን አልሸጥልሽም። ለዚህች መኪና ቀጠን ያለ ልስጥሽ» አሉ።

ቀጭኑ በዋጋ እንደሚበልጥ አውቃለሁ። የነጋዴ ልብ አለኝና መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው፤ ውዱን ሊያሸክሙኝ ነው አልኩ። ቀጥሎ የመጣልኝ ደግሞ ባሰ።

«ሴት ስለሆንኩ ዘይት አላውቅም ብለው ነው?»

«ኧረ በአላህ! እንዲህ አላልኩም...»

ደሜ ፈላ። በዚያ ላይ ሌሊቱን በጭንቀት አልተኛሁም። ከእርስዎ ወደ አንተ ወረድኩ። «ስማ! አባቴ አንተ ዘይት መሸጥ ሳትጀምር አሰብ ድረስ መኪና የነዳ ሰው ነው! ነገ ዓይኑን ሊሠራ ቀጠሮ አለው። ባለፈው በዚህች መኪና ምክንያት ቀርቶበታል። የአንተን ወሬ የምሰማበት ጊዜ የለኝም። ማሟሻህን ሌላ ፈልግ!»

ይህም አልበቃኝም። ከበሩ ላይ ዞር ብዬ «ቀንህ እንደ ጠዋትህ ይሁን!» አልኩ። ማሟሻው ለተሰበረበት ነጋዴ ከዚህ የከፋ እርግማን የለም። እያወቅሁ ነው ያልኩት።

ሁለት ሱቅ አልፎ ያለው ነጋዴ ምንም ሳይጠይቀኝ ሃምሳውን አንስቶ ሰጠኝ። «ነጋዴ እንዲህ ነው» አልኩ በልቤ።

ጥጉ ላይ ቱታ የለበሰ ጎልማሳ ዘይት ቀያሪ አለ። መኪናዋን በክሪክ አነሳ፣ ከሥር ገብቶ ቡሎኑን ፈታ። አሮጌው ዘይት ሳፋው ላይ ይወርድ ጀመር። ፊልትሮውን ቀየረ፣ ቡሎኑን መልሶ አጠበቀ። አዲሱን ጀሪካን አንስቶ ክዳኑን ሊጠመዝዝ ሲል «ቆይ! ቆይ! እንዳትከፍተው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞር ስል ሰውዬው ናቸው። በሁለት እጃቸው ሁለት የውኃ ፕላስቲክ ይዘው እየሮጡ ይመጣሉ። ከኋላቸው ሽርጥ የታጠቀች ወፍራም ሴትዮ ትከተላለች። «ነስሩ! ዛሬም ዘይትህን ከለስላሳዬ ጋር! አንድ ቀን ሰው ለስላሳ መስሎት ይጠጣውና ታሳስረኛለህ!» እያለች ትጮሃለች። የሰውዬውን ስም ያወቅሁት በዚህ ነው። ሴትዮዋ ጎናቸው ለስላሳ መጠጥ የምትሸጠው እትዬ አስካለ ናት።

ጋሽ ነስሩ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ። «ስድቡን ተቀብያለሁ። አሁን ሁለት ደቂቃ ስጪኝ» አሉኝ። «ያን ጊዜ ቀጠሮው የቀረባችሁ መኪናዋ በማለዳ አልነሳ ብላችሁ ነው? አቃስታ አቃስታ ነው እምቢ ያለችው? ፀሐይ ሲወጣ ነው የተነሳችው?»

ደነገጥኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። «ማን ነገረዎት?» አልኩ። ሳላውቀው ወደ እርስዎ ተመልሼ ነበር።

ሁለቱን ፕላስቲክ ዐይኔ ፊት ዘቅዘቅ አደረጓቸው። ሁለቱም ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል፤ ከፍሪጅ መውጣታቸው ነው። አንደኛው ውስጥ ያለው ዘይት ኩልል ብሎ አፉ ላይ ደረሰ። ሌላኛው ቂጡ ላይ ተቀምጦ ቀረ፤ ቆይቶ ቆይቶ እንደ ማር እየተጎተተ መጣ።

«ያ የፈጠነው ቀጭኑ ነው፤ ይሄ የዘገየው ሃምሳው ነው። ለገዢ ላሳይበት ብዬ እትዬ አስካለ ፍሪጅ ውስጥ ያሳደርኳቸው ናቸው። የደብረ ብርሃን ውርጭ ከዚህ ፍሪጅ ይብሳል። ማለዳ ቁልፉን ስታዞሪ ሞተሯን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይሄንን ሊጥ ነው ሊያማስል የሚታገለው። ባትሪው ምን አጠፋ?»

«ባትሪውንማ ቀይሬዋለሁ» አልኩ፤ ድምፄ ግን ቀጭን ሆነ።

ኮፈኑን አስከፈቱኝ። ዘይት የሚሞላበትን ክዳን ነቅለው በመሐረባቸው ጠረጉና መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ላዩ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ አምስት ደብልዩ ሠላሳ። ያንን ክዳን ሦስት ዓመት ሙሉ ስከፍትና ስዘጋ ኖሬያለሁ። አንድም ቀን አላነበብኩትም። በጣቴ ሳሽ ነዋ!

«መኪናሽ ራሷ ጽፋልሻለች» አሉ። «ፊተኛው ቁጥር የዘይቱ የማለዳ ፀባይ ነው፤ ባነሰ ቁጥር በብርድ አይረጋም። ኋለኛው የቀትር ፀባዩ ነው፤ በበዛ ቁጥር ሙቀት ቶሎ አያቀጥነውም። ይሄ አንቺ የያዝሽው ሃምሳ ግን የማለዳ ቁጥር የለውም፤ ቀትሩን ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«ታዲያ አባቴ ተሳስቶ ነው?» አልኩ። ይህን ስጠይቅ እንባዬ መጣ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«ኧረ አይደለም! አባትሽ ልክ ናቸው። ለአሰብ መንገድ፣ ለዚያ ሐሩር፣ ለዚያ ሞተር ሃምሳ ነበር ዘይቱ። ዛሬም አሮጌ ከባድ መኪና ይዞ ሰመራ ልወርድ ነው የሚለኝ ሰው ሲመጣ ወፍራሙን ነው የምሰጠው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ወዴት ነው ብዬ የምጠይቀው» አሉኝ። ከዚያ የኋላ ወንበሬ ላይ ያለውን ጆንያ አይተው አስነጠሱ። «በርበሬ ነው የምትሸጪው? ታዲያ የሚያቃጥለውን አራስ ቤት ትልኪያለሽ? ለማን ነው ብለሽ ትጠይቂ የለ?»

እውነቱን ለመናገር ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሃምሳውን ልመልስ ብሄድ የሸጠልኝ ሰው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ። ጋሽ ነስሩ «ተዪው፣ ገና ጠዋት ነው፤ አንቺም እሱም አትጣሉ» ብለው ያልተከፈተውን ሃምሳ እሳቸው ወሰዱና በምትኩ ቀጭኑን ከሱቃቸው አመጡልኝ። ልዩነቱን ልጨምር ቦርሳዬን ስከፍት እጄን ያዙኝ።

«አይሆንም። ይሄ ልውውጥ ነው፣ ሽያጭ አይደለም። በተጣላንበት ጠዋት ማሟሻ አልቀበልም። አባትሽ ዓይናቸው ሲበራ ራሳቸው መጥተው ያሟሹኛል» አሉ።

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። በርበሬ በረንዳን የሚያስጮኸው አፌ ለአንድ ይቅርታ ተሳሰረ። «በሰላም ግቢ ብቻ» ብለውኝ ፕላስቲኮቻቸውን ይዘው ሄዱ። እትዬ አስካለ አሁንም ከኋላቸው ታጉረመርማለች።

ማታ ጠባሴ ስደርስ አባቴ የመጀመሪያ ጥያቄው «ሃምሳውን አደረግሽ?» ነበር። «አዎ» አልኩት። ዋሸሁት። ምን ልበለው? በቀዶ ጥገናው ዋዜማ «ባለፈው ቀጠሮህን ያስቀረህ የራስህ ምክር ነው» ልበለው?

ሊነጋጋ ሲል ብነቃ አባቴ አልጋው ላይ የለም። ስወጣ ጋቢውን ተከናንቦ መኪናዋ ፊት ቆሟል። ኮፈኑን ከፍቷል። ዓይኑ ባያይ እጁ መኪና ያውቃል። የዘይት መለኪያውን ብረት መዝዞ ጫፉን በሁለት ጣቱ እያሸ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ዘይት ነዋ፣ አባባ።»

«ሃምሳ ነው ብለሽኝ? በዚህ ብርድ እንኳ እንዲህ የቀጠነ ሃምሳ አለ? ውኃ ሸጠውልሻል! ሸኖ ሳንደርስ ሞተሩ ደርቆ ይነክስና መንገድ ላይ እንቀራለን። እኔ በዚህ አልሄድም። ባጃጅ ጥሪ፣ አውቶቡስ ተራ እንሂድ።»

አውቶቡስ እስኪሞላ ብንጠብቅ ቀጠሮው እንደገና ሊያልፍ ነው። እኔም ራሴ ፈራሁ፣ አልዋሽም። ዕድሜ ልኬን የሰማሁት አባቴን ነው፤ ያንን ነጋዴ ያየሁት አንድ ጠዋት ነው። መኪናዋ ዙሪያዋን ውርጭ ለብሳለች። ከወር በፊት እምቢ ያለችበት ጠዋት ከዚህ አይበርድም ነበር።

«አንዴ ብቻ ልሞክር አባባ። እምቢ ካለች አውቶቡስ እንሄዳለን» ብዬ ገባሁ። በሆዴ የማውቀውን ታቦት ሁሉ ጠርቼ ቁልፉን አዞርኩ።

ተነሳች! ሳታቃስት፣ ሳትንገራገር፣ በአንድ ጊዜ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

አባቴ እጁን ከሞተሩ አጠገብ እንዳሳረፈ ቀረ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ከዚያ መለኪያውን በቦታው መለሰ፣ ኮፈኑን ቀስ ብሎ ዘጋ፣ በሩን በእጁ ዳስሶ ገባ።

ጫጫን ካለፍን በኋላ «ያን ጊዜስ ሃምሳ ነበር ያለበት?» አለኝ።

«አዎ።»

«በዚህ ብርድ?»

«አዎ፣ አባባ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ የሚያየው ነገር እንደሌለ እያወቅሁ። «እንግዲያ ባትሪው አይደለም። ቀጠሮዬን ያስቀረሁት እኔው ነኝ። የአሰብን ዘይት ጠባሴ አመጣሁት። አገር መቀየሬን ረሳሁ፣ ልጄ» አለ።

በሕይወቴ አባቴ ስለ መኪና ተሳሳትኩ ሲል ሰምቼ አላውቅም። እሱን ለማጽናናት ብዬ የመርካቶውን ነገር ሁሉ ዘረገፍኩለት፤ ፍሪጁን፣ ክዳኑን፣ «አባትሽ ልክ ናቸው» ያሉትን። ያንን ሲሰማ ትንሽ ቀና አለ። «እንዲያ አለ? ሰውዬው ሥራ ያውቃል ማለት ነው» አለ። ከዚያ ስድቡንም ነገርኩት፤ መደበቅ አልሆነልኝም።

«ማሟሻውን? ማሟሻውን ሰበርሽበት?» ብሎ ጮኸ። ከዘይቱ ይልቅ ያናደደው ይሄ ሆነ። «በዚያ ላይ ረገምሽው? ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያሳደገሽ?» እስከ ሸኖ ድረስ ሲቆጣኝ ሄደ። ደስ አለኝ። የማውቀው አባቴ ተመለሰልኝ።

በሰዓቱ ደረስን። ቀዶ ጥገናው ተሠራ። በማግሥቱ የቀኝ ዓይኑ ሽፋን ሲነሳ እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ ነበር። ዓይኑን አርገበገበ፣ ጠበብ አደረገ፣ ከፈተ። ትክ ብሎ አየኝ።

«አንቺ... ሽበት አወጣሽ እንዴ?» አለኝ።

ሳቅኩም፣ አለቀስኩም። ነርሷም አብራኝ ሳቀች።

ለክትትል ሁለት ሳምንት እኔ ጋ ሰነበተ። አንድ ክፍሌ ውስጥ አልጋው ላይ እሱ ተኛ፣ መሬት እኔ። እንዳለውም ሆነ። ሐኪሙ «ጥሩ ነው፣ መሄድ ይችላሉ» ባለው ማግሥት ግን ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ጥቁር መነጽሩን አድርጎ፣ ካፖርቱን ለብሶ ተዘጋጅቷል። «ተነሺ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመን» አለኝ።

ስንደርስ የጋሽ ነስሩ ሱቅ አልተከፈተም። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ከኛ በኋላ አንድ ሌላ ገዢ ሲመጣ «ወረፋ አለ፣ ወንድሜ» ብሎ ወደ ኋላ አደረገው። ጋሽ ነስሩ ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ መጡ። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጌታው፣ ልጄ የሰበረችብዎትን ማሟሻ ልመልስ መጥቻለሁ» አላቸው።

ጋሽ ነስሩ መጀመሪያ እኔን አዩ። ከዚያ አባቴን፣ ከዚያ መነጽሩን። ቁልፉን መሬት ጥለው አቀፉት። ሁለት የማይተዋወቁ ሽማግሌዎች ያ ሁሉ ተሸካሚ «ዞር በሉ!» እያለ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ተቃቅፈው ቆሙ። እኔም ያኔ ነው ይቅርታውን የጠየቅሁት። «የምን ይቅርታ! አባትሽ አዩ አይደል?» አሉኝ።

አባቴ ቀጭኑን ዘይት ለቀጣዩ ቅያሪ ገዛ። ከመክፈሉ በፊት ጀሪካኑን አንስቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ራቅ ቀረብ እያደረገ «አምስት... ደብልዩ... ሠላሳ» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። ከከፈለ በኋላ ደግሞ ልማድ አይለቅምና ክዳኑን ከፍቶ ጠብ አድርጎ በጣቱ አሸው።

«ቀጭን ነው» አለ።

«ቀጭን ነው» አሉ ጋሽ ነስሩም። ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ።

ልንሄድ ስንል ሆዴ አላስችል ስላለኝ ጠየቅኋቸው። «ጋሽ ነስሩ፣ ያን ቀን ገበያው እንዴት ሆነልዎት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነበር» አሉ።

«ምን ደህና!» አለች እትዬ አስካለ ከጎን፣ ለስላሳዋን እየደረደረች። «ያን ቀን በሩን እስኪዘጋ ድረስ አንድ ሊትር አልሸጠም! ፍሪጄን ሲከፍትና ሲዘጋ ዋለ!»

ጋሽ ነስሩ በዓይናቸው ገረመሟት። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። በእርግማን የማምን ሴት አይደለሁም። ቢሆንም ያን ቀን ቀናቸው እንዲበላሽ በአፌ ተናግሬያለሁ፣ ተበላሽቷልም። እኔ በነጋዴነቴ ይህን አደርግ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አላደርገውም ነበር። ለማሟሻዬ ስል ሃምሳውን ለገዢዋ ሸጬላት፣ ፈገግ ብዬ እሸኛት ነበር። አባቴም ለሁለተኛ ጊዜ ጠባሴ ውርጭ ላይ ይቀር ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ገና ጆንያዬን ሳልፈታ አንዲት ሴት መጣች። ማሟሻዬ ናት። «የሚያቃጥለውን በርበሬ ስጪኝ፣ ሁለት ኪሎ» አለችኝ። «ለማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ለአራስ እህቷ ነው። «እሱን አልሸጥልሽም። ለዘብ ያለውን ልስጥሽ» አልኳት።

«አንቺ ምን አገባሽ? ነጋዴ ነሽ ወይስ አማት?» ብላ ሰድባኝ ሄደች። ቀኑን ሙሉ እምብዛም አልሸጥኩም። ማታ ለአባቴ ደውዬ ብነግረው «ጎሽ» አለኝ።

ስድቡ አላናደደኝም። የሚገርመው ቀለል ነው ያለኝ፤ ጋሽ ነስሩ ያን ቀን ቆመው የሰሙኝ እንዴት እንደሆነ ገባኝ። ሴትዮዋ እስካሁን አልተመለሰችም። ለዘብ ያለው ሁለት ኪሎ ግን ተቋጥሮ ጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጦላታል።